ሉዊስ ብሬል፡- ለጣቶች ፊደል የቀረጸው መምህር

የመገናኛ ቴክኖሎጂ ሲባል በብዙዎች አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ኮምፒዩተርና ሞባይል ስልክ ነው። በዓይነ ስውራን ሕይወት ላይ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ፈጠራ ግን ኤሌክትሪክ የማይሻ፣ በወፍራም ወረቀት ላይ ከፍ ብለው በሚነሱ ስድስት ነጥቦች የሚሠራ ጽሕፈት ነው። የጽሕፈቱ ፈልሳፊ ሉዊስ ብሬል ከዚህ ዓለም በሞት ከተለየ ከ170 ዓመታት በላይ ቢቆጠሩም የጀመረው ሥራ ዛሬም በየሀገሩ የመብትና የአገልግሎት አሰጣጥ ጉዳይ ሆኖ ይነሳል።

ሉዊስ ብሬል እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 1809 ከፓሪስ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ኩቭሬ በተባለች የገጠር መንደር ተወለደ። አባቱ ስሞን ሬኔ ብሬል ኮርቻና የፈረስ ዕቃ በመሥራት የሚተዳደሩ የቆዳ ባለሙያ ነበሩ። ሕፃኑ የ3 ዓመት ልጅ ሳለ በአባቱ መሥሪያ ቤት ውስጥ በወስፌ ሲጫወት አንድ ዓይኑን ወጋው። የተጎዳው ዓይን አመርቅዞ ሕመሙ ወደ ሌላኛው በመዛመቱ 5 ዓመት ሲሞላው ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፉ።

ወላጆቹ ልጃቸውን ከቤት አልደበቁትም። የመንደሩ ቄስ በግል አስተማሩት፤ ቀጥሎም ዓይናማ ከሆኑ ልጆች ጋር በመንደሩ ትምህርት ቤት ገብቶ በጆሮው እየሰማ ተማረ። ጎበዝ ተማሪ ቢሆንም ማንበብና መጻፍ የሚችልበት መንገድ አልነበረም። በዚህም ምክንያት በ1819፣ በ10 ዓመቱ፣ ቫለንታን አዩይ ወደመሠረቱት የፓሪስ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተላከ።

በትምህርት ቤቱ የነበሩት መጻሕፍት ዓይናማዎች የሚጠቀሙበት የላቲን ፊደል ጎላ ብሎ የታተመባቸው ነበሩ። ተማሪው የእያንዳንዱን ፊደል ቅርጽ በጣቱ ዳስሶ እስኪለይ ድረስ ንባቡ ይጓተት ነበር። መጻሕፍቱ ግዙፍ፣ ውድና በቁጥርም ጥቂት ነበሩ። ከሁሉም በላይ ተማሪው በዚህ ፊደል በራሱ እጅ መጻፍ አይችልም ነበር።

በ1821 ሻርል ባርቢዬ የተባሉ የቀድሞ የመድፈኛ ጦር መኮንን ያለ ብርሃን በዳሰሳ የሚነበብ የነጥብ ጽሕፈት ለትምህርት ቤቱ አቀረቡ። ጽሕፈታቸው በድምፅ ላይ የተመሠረተ ሆኖ ለአንድ ምልክት እስከ 12 ነጥቦች ይጠቀም ነበር። ብሬል የነጥብን ጥቅም ወዲያውኑ ቢገነዘብም ሁለት ጉድለቶችን ለየ። አንደኛ፣ ምልክቱ ከጣት ጫፍ ስለሚሰፋ በአንድ ዳሰሳ ሊያዝ አይችልም። ሁለተኛ፣ የቃላትን ትክክለኛ አጻጻፍ፣ ሥርዓተ ነጥብንና ቁጥርን አያሳይም።

ወጣቱ ጥቂት ዓመታት ከሠራበት በኋላ በ1824፣ በ15 ዓመቱ፣ በስድስት ነጥቦች ብቻ የተመሠረተውን ሥርዓት አዘጋጀ። ነጥቦቹ በሁለት ዓምድ ሦስት ሦስት ሆነው ይደረደራሉ፤ ከአቀማመጣቸውም 63 የተለያዩ ምልክቶች ይገኛሉ። እያንዳንዱ ምልክት በጣት ጫፍ ሥር ይውላል። ለመጻፊያ የሚያገለግለው ወረቀት የሚወጋ ሹል መሣሪያ ሲሆን፣ ይህም የዓይኑን ብርሃን ካሳጣው ወስፌ ጋር የሚመሳሰል ነው። ሥርዓቱን በ1829 በመጽሐፍ አሳተመ፤ በ1837ም አሻሽሎ አወጣው። ለሙዚቃ ኖታ እንዲያገለግል አድርጎ ያዘጋጀው ሲሆን፣ ራሱም በፓሪስ አብያተ ክርስቲያናት ኦርጋን የሚጫወት ሙዚቀኛ ነበር።

ብሬል በተማረበት ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ቢቀጠርም ፈጠራው በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም። ዓይናማ የሆኑት ኃላፊዎች ሊያነቡት የማይችሉት ጽሕፈት ዓይነ ስውራንን ከኅብረተሰቡ ይነጥላል የሚል ሥጋት ነበራቸው። በ1840 ትምህርት ቤቱን መምራት የጀመሩት አርማን ዱፎ የነጥብ ጽሕፈቱን ከለከሉ። ተማሪዎቹ ግን ማስታወሻ የሚይዙበት ሌላ መንገድ ስላልነበራቸው በድብቅ መጠቀማቸውን ቀጠሉ። ከጊዜ በኋላ የዳይሬክተሩ ረዳት ዦዜፍ ጋዴ የተማሪዎቹን ውጤት ተመልክተው አለቃቸውን አሳመኑ። በ1844 አዲሱ የትምህርት ቤቱ ሕንፃ ሲመረቅም ተማሪዎች በእንግዶች ፊት በነጥብ ጽሕፈት ጽፈው አነበቡ።

ብሬል የመነጠሉን ሥጋት በሥራ መልሶታል። ዓይነ ስውር ለዓይናማ ደብዳቤ መጻፍ እንዲችል የተለመደውን ፊደል በነጥቦች የሚሥል ሌላ ዘዴ በ1839 አወጣ። ዓይነ ስውር ከነበረው መካኒክ ፒየር ፉኮ ጋር በመሆንም ሥራውን የሚያፋጥን መሣሪያ እውን እንዲሆን አደረገ። መሣሪያው ከጽሕፈት መኪና ቀዳሚዎች አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል።

ለረጅም ዓመታት በሳንባ ነቀርሳ ሲሠቃይ የነበረው ብሬል ጃንዋሪ 6 ቀን 1852 በ43 ዓመቱ አረፈ። ትምህርት ቤቱ ጽሕፈቱን በይፋ የተቀበለው ከ2 ዓመት በኋላ ነበር። በ1952 አጽሙ የፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎች ወደሚያርፉበት ፓንቴዎን ሲዛወር የእጆቹ አጽም ግን በትውልድ መንደሩ እንዲቀር ተደረገ። የልደቱ ቀንም ከ2019 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የዓለም የብሬል ቀን ሆኖ ይከበራል።

የብሬል ጽሕፈት ለአማርኛ ሲዘጋጅ የፊደሉ ብዛት ፈተና ነበር። ከ200 በላይ የሆኑትን ሆሄያት 63 ምልክቶች ሊሸከሟቸው ስለማይችሉ ተነባቢውና አናባቢው በየራሳቸው ምልክት እንዲጻፉ ተደርጓል። በዚህ መንገድ በሰበታው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤትና በሌሎችም ብዙዎች ፊደል ቆጥረው መምህራን፣ የሕግ ባለሙያዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ለመሆን በቅተዋል።

ጉዳዩ እንደ ዋግ ኽምራ ላሉ አካባቢዎች የተለየ ክብደት አለው። የዓይን ማዝ በሽታ ወይም ትራኮማ ለረጅም ጊዜ ከጸናባቸው የአማራ ክልል አካባቢዎች አንዱ ይኸው የብሔረሰብ አስተዳደር ነው። በሰቆጣ ዙሪያ ደጋዎችም ሆነ ወደ ተከዜ በሚወርደው የአበርገሌ ቆላ የንጹሕ ውኃ እጥረት ፊትን አዘውትሮ መታጠብን አዳጋች ያደርገዋል። በሕፃንነት የሚደጋገመው ልክፍት ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ በማዞር የዓይን ብርሃንን የሚያጠፋው በአብዛኛው በጎልማሳነት ዕድሜ በመሆኑ የብሬል ትምህርት ከሕፃናት ባሻገር ለጎልማሶችም ያስፈልጋል። ኽምጥኛን ለመሳሰሉ የማስተማሪያ ቋንቋዎችም የየራሳቸው ድምፆች የሚወከሉበት የነጥብ ምልክት ሊኖር ይገባል።

ከጥንት ጀምሮ ዓይነ ስውራን በአብነት ትምህርት ቤቶች ዜማና ቅኔን በቃል አጥንተው ለሊቅነት ሲበቁ ኖረዋል። የቃል ትምህርት ዕውቀትን ቢያስገኝም የተጻፈለትን ደብዳቤ ያለ አንባቢ ለሚያይ፣ የሚፈርምበትን ውል ራሱ ለሚያረጋግጥ ሰው ግን ጽሕፈት የግድ ነው።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። ስምምነቱ ብሬልንና ተደራሽ የመገናኛ ቴክኖሎጂን የመረጃ መብት አካል ያደርጋል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ አሠሪዎች ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኞች አመቺ የሥራ መሣሪያ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ሀገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2020 የተቀላቀለችው የማራኬሽ ስምምነትም መጻሕፍትን ወደ ብሬልና ድምፅ መቀየርን የሚያግዱ የቅጂ መብት ገደቦችን ያላላል።

ዛሬ ስክሪን ሪደር የተባለው ፕሮግራም በኮምፒዩተርና በስልክ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነባል ወይም ወደሚነሱና ወደሚወርዱ የብሬል ነጥቦች ይለውጣል። ማኅተም የተመታበት ደብዳቤ በካሜራ ተነሥቶ ሲላክ ግን ለፕሮግራሙ ፊደል የሌለው ሥዕል ነው። ሰርኩላሩ፣ የሥራ ማስታወቂያውና ቅጹ በጽሑፍ ፋይል ጭምር ቢላክ ዓይነ ስውሩ ሠራተኛና ባለጉዳይ ራሱ ሊያነበው ይችላል። ለዚህም አዲስ በጀት አያስፈልግም። የፓሪሱ ትምህርት ቤት ኃላፊዎች ለዓመታት ያዘገዩትን መብት በየመሥሪያ ቤቱ ማፋጠን ከእያንዳንዱ የሥራ ኃላፊና ፈጻሚ ይጠበቃል።