የአባታቸውን ስም ያደሱ ዳኛ

የአባት ዕዳ ለልጅ ይተርፋል ይባላል። አንዳንዱ ልጅ ግን ከገንዘብ ዕዳ የከፋ፣ የጎደፈ ስም ይወርሳል። አሜሪካዊው ዳኛ ቤንጃሚን ናታን ካርዶዞ የገጠማቸው ይኸው ነበር።

ካርዶዞ እ.ኤ.አ. በ1870 በኒው ዮርክ ከተማ ከመንታ እህታቸው ጋር ተወለዱ። አባታቸው አልበርት ካርዶዞም ዳኛ ነበሩ። ይሁን እንጂ ከተማዋን እንደፈለገ ያሽከረክራት ከነበረው ታማኒ ሆል የተባለ የፖለቲካ ቡድን ጋር በነበራቸው ቁርኝት በሙስና ተወነጀሉ፤ ከሹመታቸው ሳይሻሩ በፊትም በ1872 ራሳቸው ሥራቸውን ለቀቁ። ልጃቸው ያኔ ገና የሁለት ዓመት ሕፃን ነበር።

ካርዶዞ እናታቸውን በልጅነታቸው አጡ። በ15 ዓመታቸው ኮሎምቢያ ገቡ። የሕግ ትምህርታቸውን ዲግሪ ሳይዙ አቋርጠው በ1891 የጥብቅና ፈቃድ አገኙና ከ20 ዓመት በላይ በጠበቃነት ሠሩ። በ1913 በምርጫ አሸንፈው ዳኛ ሲሆኑ የተቀመጡት አባታቸው አፍረው በወጡበት በዚያው ፍርድ ቤት ነበር። ብዙም ሳይቆዩ በ1914 ወደ ግዛቲቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተዛወሩ፤ በዚያም 18 ዓመት አገለገሉ። ከ1927 ጀምሮ ደግሞ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ስማቸውን ያገነነው የ1916ቱ የቢዊክ መኪና ጉዳይ ነው። ማክፈርሰን የተባለ ሰው ከነጋዴ የገዛው መኪና የእንጨት ጎማው ተሰባብሮ ጉዳት ደረሰበት። በጊዜው በነበረው ልማድ ፋብሪካው ተጠያቂ የሚሆነው ውል ለተዋዋለው ነጋዴ ብቻ ነበር። ካርዶዞ ግን በግዴለሽነት ከተሠራ አደጋ የሚያደርስ ዕቃ ለገበያ ያቀረበ አምራች፣ ውል ባይኖርም ለተጠቃሚው ኃላፊነት አለበት ሲሉ ፈረዱ። ሌሎች ግዛቶችም ቀስ በቀስ ይህንኑ ተከተሉ።

ሁሉም ፍርዳቸው ግን አልተወደደም። በ1928 በባቡር ጣቢያ በፈነዳ የርችት ጥቅል ሳቢያ የተጎዱት ወይዘሮ ፓልስግራፍ በሥር ፍርድ ቤት የረቱትን ካሳ፣ የካርዶዞ ችሎት በ4 ለ3 ድምፅ ሻረባቸው። ምክንያቱም የባቡሩ ሠራተኞች በሴትዮዋ ላይ ጉዳት ይደርሳል ብለው ሊገምቱ አይችሉም የሚል ነው። ፍርዱ የሕግ ተማሪዎችን ዛሬም ያሟግታል።

በ1921 የታተመው መጽሐፋቸው ዳኛ በውሳኔው ላይ እንዴት እንደሚደርስ ሳይሸፋፍን ያስረዳል። የሕግ አንቀጽና የቀድሞ ፍርድ መልስ በማይሰጡበት ቦታ ልማድና የኅብረተሰቡ ጥቅም መመዘን እንዳለባቸው ያሳያል።

በ1932 ሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት ሁቨር ዴሞክራቱን ካርዶዞን ለአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አጯቸው፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤትም ያለ ተቃውሞ አጸደቀ። በ1937 የአረጋውያን ጡረታ ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይጋጭ የተወሰነበትን ፍርድ የጻፉት እርሳቸው ናቸው።

ካርዶዞ ትዳር አልያዙም። በ1929 እስካረፉት ድረስ ከታላቅ እህታቸው ኤለን ጋር ኖሩ፤ ራሳቸውም በሐምሌ 1938 በ68 ዓመታቸው አረፉ። ካርዶዞ የሚለው ስም ዛሬ ሲነሳ ሰው የሚያስታውሰው የአባትየውን ቅሌት ሳይሆን የልጅየውን ፍርድ ነው።