ጥቁሩ የደብሊን ልጅ ፊል ላይኖት

በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሳው ሰው አየርላንዳዊው የሮክ ሙዚቀኛ ፊል ላይኖት ነው። ወላጆች ስሙን ላታውቁት ትችላላችሁ። ልጆቻችሁ ግን ከዘፈኖቹ አንዱን በፊልም ወይም በስፖርት ሜዳ ሳይሰሙት አልቀሩም። በአሜሪካ፣ በክሊቭላንድ ከተማ፣ የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ የሚባል ተቋም አለ። አንድ ሙዚቀኛ የመጀመሪያ ሸክላውን ካሳተመ 25 ዓመት ሲሞላው ለዚህ ክብር መታጨት ይችላል። የላይኖት ባንድ ቲን ሊዚ ይህንን ጊዜ የሞላው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እስከ 2025 ድረስ ወደ አዳራሹ በገቡት ስሞች ውስጥ ግን አይገኝም። ከእሱ የተማሩት ገብተዋል። በእኛ አስተያየት ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ደግሞ የሰውየውን ሕይወት ማወቅ ያስፈልጋል።

ፊል ላይኖት የተወለደው ኦገስት 20 ቀን 1949 በእንግሊዝ አገር ዌስት ብሮምዊች በተባለች ከተማ ነው። እናቱ ፊሎሜና ከደብሊን ወደ እንግሊዝ የተሻገረች ገና የ18 ዓመት ልጃገረድ ነበረች። አባቱ ሴሲል ፓሪስ ደግሞ ያን ጊዜ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ከነበረችው ከጉያና የመጣ ጥቁር ስደተኛ ነው። አልተጋቡም። በዚያ ዘመን ባል የሌላት ነጭ ሴት ጥቁር ልጅ አቅፋ ስትታይ ምን ዓይነት ንቀት እንደሚደርስባት እናቱ በ1995 ስለ ልጇ ባሳተመችው መጽሐፍ ተርካዋለች። በመጨረሻ እሷ በማንቸስተር እየሠራች ልጁ ደብሊን ከወላጆቿ ዘንድ እንዲያድግ ሆነ።

አያቱ ወይዘሮ ሣራ የሚኖሩት ክራምሊን በተባለው የሠራተኞች ሠፈር ነበር። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ደብሊን ውስጥ ጥቁር ሰው ማየት ብርቅ ነው። በሠፈሩም በትምህርት ቤቱም ፊል ብቻውን ጥቁር ነበር ማለት ይቻላል። በአማርኛ አያት ያሳደገው ሲባል ሞልቃቃ ማለት ነው። እኛ በሥራችን ከምናያቸው ቤተሰቦች የተማርነው ግን አያት አንዳንዴ ልጁን ከመሬቱ ጋር የምታስር ሰው መሆኗን ነው። ወይዘሮ ሣራ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ልጁ ከየት ነህ ተብሎ ሲጠየቅ የክራምሊን ልጅ ነኝ የሚል ሆኖ አደገ። በ1972 በአያቱ ስም የተሰየመ ዘፈን አወጣ። በ1978 የመጀመሪያ ሴት ልጁ ስትወለድም ሣራ አላት፣ ለእሷም በዚያው ስም ሌላ ዘፈን ጻፈላት።

ትምህርቱን አቋርጦ በብረታ ብረት ፋብሪካ ተለማማጅ ሆኖ ሠርቷል። ሙዚቃውን የጀመረው በ1965 ከሠፈር ልጆች ጋር ሲሆን፣ ከበሮ መቺው ብራያን ዳውኒ ከዚያ ዘመን ጀምሮ አብሮት የነበረ የቅርብ ሰው ነው። ቀጥሎ ስኪድ ሮው በተባለ ባንድ ዘፋኝ ሆነ፣ ከዚያም ተባረረ። የሚገርመው ያባረረው የባንዱ መሪ ብራሽ ሺልስ ራሱ ቤዝ ጊታር አስተማረው። በ1969 መጨረሻ ላይኖትና ዳውኒ ከቤልፋስቱ ጊታር ተጫዋች ኤሪክ ቤል ጋር ቲን ሊዚን መሠረቱ። በ1973 መጀመሪያ ላይ ዊስኪ ኢን ዘ ጃር የተባለውን የቆየ የአየርላንድ የሕዝብ ዘፈን በኤሌክትሪክ ጊታር ተጫውተው በእንግሊዝ 6ኛ ደረጃ ላይ ደረሱ። የዚያ ሸክላ ጀርባ ላይ ያለው ሌላው ዘፈን ስለ ጥቁር ልጆች የሚናገር ነበር። ስለ ቆዳው ቀለም አያወራም ነበር የሚሉ ሰዎች ይህንን ሳያዳምጡት የቀሩ ይመስለናል።

የባንዱ ትልቁ ዘመን የመጣው ቤል ከለቀቀ በኋላ ነው። በ1974 ሁለት ጊታር ተጫዋቾች ገቡ፣ አንዱ አሜሪካዊው ስኮት ጎራም፣ ሌላው ገና ወጣት የነበረው ስኮትላንዳዊ ብራያን ሮበርትሰን። ሁለቱ አንዱን ዜማ በአንድ ጊዜ ይጫወቱታል፣ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ አድርጎ። ይህንን አጨዋወት የጀመሩት እነሱ አይደሉም፣ ከእነሱ በፊት ሌሎች ሞክረውታል። ነገር ግን በአጭርና ሰው በቀላሉ በሚይዘው ዘፈን ውስጥ አስገብተው ለዓለም ያሰሙት እነሱ ናቸው። ከእነሱ በኋላ የመጡ ብዙ የከባድ ሮክ ባንዶች ይህንን ወርሰዋል። በዚያ ላይ የላይኖት ቃላት አሉ። አዘፋፈኑ ተራኪ ነው፣ ሰው ቡና ቤት ተቀምጦ ታሪክ የሚያወራ ይመስላል። የግጥም መጻሕፍትም አሳትሟል።

በ1976 ጄይልብሬክ የተባለው አልበም ወጣ። በውስጡ ያለው ዘ ቦይስ አር ባክ ኢን ታውን በእንግሊዝ 8ኛ፣ በአሜሪካ 12ኛ ደረጃ ደረሰ። አሜሪካ ተከፈተችላቸው ሲባል ላይኖት የጉበት በሽታ ይዞት ጉዞው ተሰረዘ፣ ወደ አገሩም ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ያን ያህል ከፍታ ላይ አልደረሱም። የዝና አዳራሹ አሜሪካዊ ነው። በእኛ ግምት ባንዱ የተዘነጋበት ዋናው ምክንያት እዚህ ላይ ነው። በእንግሊዝና በአየርላንድ ግን ሌላ ታሪክ ነው፣ የ1978ቱ የመድረክ አልበማቸውና የ1979ኙ ብላክ ሮዝ ሁለቱም በእንግሊዝ 2ኛ ደረጃ ይዘዋል።

ብላክ ሮዝን ለብቻው ማንሳት አለብን። የአልበሙ የመጨረሻ ዘፈን ከአየርላንድ የጥንት ጀግኖች ጀምሮ እስከ ደራሲዎቿና እስከ እግር ኳስ ተጫዋቿ ድረስ የአገሪቱን ስሞች እየጠራ፣ የሕዝብ ዜማዎቿን በጊታር እያሰማ የሚሄድ ነው። ጥቁር ጽጌረዳ በአየርላንድ ቅኔ ውስጥ የአገሪቱ የምስጢር ስም ነው። ያንን ስም ይዞ ቆሞ የዘመረው ጥቁር ሰው ነበር። አገሩ አይደለም የሚለው ካለ መልሱን በዚህ አገኘ። በ1981 በስሌን ግንብ ሜዳ በተደረገው የመጀመሪያው ትልቅ ኮንሰርት ዋናዎቹ ቲን ሊዚ ሲሆኑ ከእነሱ አስቀድሞ የተጫወተው ገና ጀማሪ የነበረው ዩቱ ነው። ዩቱ በ2005 የዝና አዳራሹ ውስጥ ገብቷል።

ከዚህ በኋላ ያለው ያሳዝናል። ላይኖት ሄሮይን መውሰድ ጀምሮ ነበር። በ1980 አግብቶ ሁለት ሴት ልጆች ወልዷል፣ ትዳሩ ግን በ1984 ፈረሰ። ባንዱም ሴፕቴምበር 1983 በጀርመን ኑረምበርግ የመጨረሻውን ኮንሰርት አሳይቶ ተበተነ። በ1985 ከድሮ ጓደኛው ከጋሪ ሙር ጋር ስለ ሰሜን አየርላንድ ደም መፋሰስ የዘፈኑት ዘፈን በእንግሊዝ 5ኛ ሲወጣ ብዙ ሰው ተመለሰ ብሎ ነበር።

በዚያው ዓመት በጁላይ ላይቭ ኤይድ ተደረገ። ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች እርዳታ ለማሰባሰብ የተዘጋጀው ያ ኮንሰርት የተደረገው፣ ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ከመጡ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። አዘጋጆቹ ሁለቱ ላይኖትን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ቦብ ጌልዶፍ የደብሊን ሰው ነው፣ ሚጅ ዩር ደግሞ በ1979 ለቲን ሊዚ ጊታር ተጫውቷል። ላይኖትን ግን መድረክ ላይ አልጠሩትም። ይህ እጅግ እንደጎዳው የባንዱ ጓደኞች ተናግረዋል። ክፉ አስበው ነው አንልም፣ እንዲያ ያለ ትልቅ ነገር በጥድፊያ ሲሠራ ሰው ይረሳል። ነገር ግን በሱስ የታመመ ሰው መጀመሪያ የሚጠፋው ከጥሪ ዝርዝር ነው፣ ይህንንም በሥራችን ደጋግመን አይተናል።

ዲሴምበር 25 ቀን 1985 ለንደን አጠገብ ባለው ቤቱ ወድቆ ያገኘችው እናቱ ናት። ሄሮይን እንደሚወስድ አታውቅም ነበር። ይህ እናት ለልጇ ግድ የላትም ማለት አይደለም። ሱሰኛ ከሁሉ አብልጦ የሚደብቀው ከሚወዱት ሰዎች ነው፣ ብዙ እናቶችም ነገሩን በመጨረሻው ሰዓት ያውቃሉ። እናቱ ደውላ የነገረቻት የልጆቹ እናት ካሮላይን ነገሩ ከባድ መሆኑን ተረድታ ወደ ሕክምና ወሰደችው። በሳልዝበሪ ሆስፒታል በደም መመረዝ ምክንያት ሳንባውና ልቡ ደክመው ጃንዋሪ 4 ቀን 1986 አረፈ። ዕድሜው 36 ነበር። የተቀበረው ደብሊን አጠገብ በሴንት ፊንታን መካነ መቃብር ነው።

አየርላንድ አልረሳችውም። በ2005 በደብሊን መሃል ሃሪ ጎዳና ላይ ቤዝ ጊታሩን ይዞ የቆመ የነሐስ ሐውልት ተተከለለት፣ በ2019 ደግሞ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ምስሉ ያለበት የብር ሳንቲም አወጣ። የአሜሪካው ባንድ ሜታሊካ የቲን ሊዚን ዊስኪ ኢን ዘ ጃር አጨዋወት ተከትሎ በ1998 ዘፍኖት በ2000 የግራሚ ሽልማት አገኘበት። በ2009ም ሜታሊካ ወደ ዝና አዳራሹ ገባ።

እናቱ ፊሎሜና ከ30 ዓመት በላይ የልጇን ስም ይዛ ኖረች፣ ከየአገሩ የሚመጡ አድናቂዎቹንም ትቀበል ነበር። ጁን 2019 ሞተች። ከአራት ወር በኋላ፣ በኦክቶበር፣ የክሊቭላንዱ አዳራሽ ቲን ሊዚን ለመጀመሪያ ጊዜ አጨ። ጃንዋሪ 2020 የተመረጡት ስድስት ስሞች ሲነገሩ የቲን ሊዚ ስም አልነበረበትም።