ስለ ንጉሥ ዳዊትና ለልጆቹ ስለ ተወው በገና

አባት ሲሞት ለልጁ ርስት፥ ከብት፥ ወርቅና ብር ይተርፈዋል። በገና የተረፈው ልጅ ግን ወራሽነቱ ከሌሎቹ የተለየ ነው። መሬቱን ሌላ ሰው ሊያርስለት፥ ከብቱንም ሌላ ሰው ሊጠብቅለት ይችላል፤ በገናውን ግን ራሱ ተምሮ ካልደረደረው ከግድግዳ ላይ የተሰቀለ እንጨትና ቆዳ ነው። ስለዚህ በዚህ በደብራችን የኢዮቤልዩ መታሰቢያ መጽሐፍ የነቢዩን የንጉሥ ዳዊትን ታሪክ በዚሁ በኩል ልንጽፈው ወደድን። ጦርነቱንና ድሉን ምእመናን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የሰሙት ስለ ሆነ እናልፈዋለን።

ዳዊት የቤተ ልሔሙ የእሴይ ልጅ ሲሆን ከ8 ወንድማማች መካከል የመጨረሻው ነበረ። ታላላቆቹ ከሳኦል ጋራ ወደ ሰልፍ ሲወጡ ለእርሱ የተሰጠው ሥራ የአባቱን በጎች መጠበቅ ነበረ። በመዝሙሩ ፍጻሜ በ151ኛው እንደ ተመለከተው የዜማ ዕቃውን በገዛ እጁ ሠራው፥ በገዛ ጣቱም ቃኘው እንጂ ከአባቱ አልወረሰውም። ይህም ለእረኛ የሚያስደንቅ አይደለም፤ እንጨቱ ከዱር፥ ቆዳውና አንጀቱ ከመንጋው ይገኛልና። አባቶቻችን ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋራ መጣ የሚሉት የአገራችን በገናም እንዲሁ ነው፤ ገበቴው በቆዳ ይለበጣል፥ 10ሩም አውታር ከበግ አንጀት ተፈትሎ ይወጠራል።

ሳኦልን ክፉ መንፈስ ባስጨነቀው ጊዜ አሽከሮቹ በገና የሚያውቅ ሰው እንዲፈለግለት መከሩት፥ ዳዊትም ተጠርቶ መጣ። በሚደረድርበት ጊዜ ሁሉ ንጉሡ ዕረፍት ያገኝ ነበር። ይሁን እንጂ ቅናት በልቡ ከገባ በኋላ ያው ንጉሥ በደርዳሪው ላይ ጦር ወረወረበት። የአንዱ እጅ በበገናው ላይ፥ የሌላው እጅ በጦሩ ላይ ሆኖ በአንድ ቤት ተቀምጠው ነበር። ዳዊትም ፈቀቅ ብሎ ዳነ፤ ከዚያም ብዙ ዘመን በዱርና በዋሻ ተሰደደ።

በ30 ዓመቱ ነግሦ በኬብሮን 7 ዓመት ከ6 ወር፥ በኢየሩሳሌምም 33 ዓመት ገዛ። ታቦተ ጽዮንን ወደ ከተማው ባስገባ ጊዜ በታቦቱ ፊት እንደ ማንኛውም አገልጋይ አሸበሸበ፥ የሳኦል ልጅ ሜልኮልም በመስኮት አይታ በልቧ ናቀችው። እርሱ ግን አላፈረም።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባን የዜማውን ሀብት ለማን እንደ ሰጠ ነው። በቤተ መንግሥቱ ግምጃ ቤት አላኖረውም፥ ለልጆቹም ብቻ አላወረሰውም። እርሱ ባሠራው የዜማ ዕቃ እንዲያመሰግኑ 4000 ሌዋውያንን ለየ፤ ከእነርሱም 288ቱ በዜማ የሠለጠኑ ነበሩ። እነዚህን በአሳፍ፥ በኤማንና በኤዶትም ልጆች ሥር በ24 ክፍል አድርጎ፥ መምህሩም ደቀ መዝሙሩም ሳይለይ ተራቸውን በዕጣ እንዲያወጡ አደረገ። ድጓ ተምረው በማኅሌት የቆሙ ካህናቶቻችን የዚህን ሥርዐት ጥበብ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ ዜማ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ከቀረ ከሰውየው ጋራ ይቀበራል።

በቤቱ ግን ኀዘን በዝቶበት ነበር። አቤሴሎም የአባቱን ዙፋን ፈልጎ ዐመፀ፥ በጫካም ተገደለ። አዶንያስም አባቱ በሕይወት ሳለ ራሱን አነገሠ። ከእነዚህ አንዱ እንኳ የአባቱን በገና ፈለገ ተብሎ በመጽሐፍ አልተጻፈም። ንጉሡ 70 ዓመት ሞልቶት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ970 ዓመት ገደማ ዐረፈ፥ ሰሎሞንም በአባቱ ዙፋን ተቀመጠ።

ሰሎሞን መልካም ወራሽ ነበረ። በ7 ዓመት ሠርቶ የፈጸመው ቤተ መቅደስ በተቀደሰ ጊዜ ሌዋውያን ዳዊት ያሠራውን የዜማ ዕቃ ይዘው ቆሙ። ንግሥተ ሳባም ኢየሩሳሌምን በጐበኘችበት ወራት ከኦፊር ከመጣው ከሰንደል እንጨት ለመዘምራን በገናና መሰንቆ አሠራ። አባቱ የተወለትን ጠበቀ፥ ከራሱም ጨመረበት።

ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁሉ እንዲህ አልነበሩም። በሰማርያ ባለጠጎች በዝሆን ጥርስ አልጋ ተጋድመው እንደ ዳዊት የዜማ ዕቃ እናወጣለን እያሉ፥ ለወገናቸው ጥፋት ግን ሳያዝኑ ቢቀሩ፥ ነቢዩ አሞጽ ገሠጻቸው። በኢየሩሳሌምም አካዝ የቤተ መቅደሱን ደጅ ዘጋው፥ የዳዊትም በገና ዝም አለ። ልጁ ሕዝቅያስ ግን በነገሠ በመጀመሪያው ዓመት በመጀመሪያው ወር ደጁን ከፈተ፥ ካህናቱና ሌዋውያኑም ቤቱን በ16 ቀን አነጹ። መሥዋዕቱ ማረግ በጀመረ ጊዜ ሌዋውያኑ ዳዊት ከሞተ 250 ዓመት ገደማ ቢያልፍም የእርሱን የዜማ ዕቃ አንሥተው መዝሙሩን ጀመሩ። ሕዝቅያስ ከአባቱ ከአካዝ የተዘጋ ደጅ ወረሰ፥ ከሩቅ አባቱ ከዳዊት ግን በገና ወረሰ።

ከዚያም በ586 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ናቡከደነፆር ቤተ መቅደሱን አቃጠለ፥ ሕዝቡም ወደ ባቢሎን ተማረከ። በወንዙም ዳር ምርኮኞቹ በገናቸውን በዛፍ ላይ ሰቀሉ። ማራኪዎቹ ለመዝናናት እንዲዘፍኑላቸው ቢጠይቋቸው እምቢ አሉ። ይህ እምቢታ ከአካዝ ዝምታ ጋራ አንድ አይደለም፤ አካዝ አባቶቹ ያቆሙትን አገልግሎት ንቆ ዝም አሰኘው፥ እነዚህ ግን አክብረውት ዝም አሉ።

ዘመኑ ደርሶ የነህምያ ቅጥር በተቀደሰ ጊዜ፥ ይኸውም ዳዊት ካረፈ ከ500 ዓመት በኋላ ነው፥ መዘምራኑ በሁለት ወገን ሆነው በቅጥሩ ላይ ዞሩ። አውታር ያረጃል፥ ይበጠሳል፥ ይለወጣልም፤ እንጨቱም በእሳትና በብል ይጠፋል። እነርሱ የያዙት ግን አሁንም የዳዊት የዜማ ዕቃ ይባል ነበር። በአንደኛው ወገን ፊት ጸሓፊው ዕዝራ እየመራቸው በዳዊት ከተማ ደረጃ ወጡ፥ በዳዊትም ቤት በላይ አልፈው በምሥራቅ በኩል ወዳለው ወደ ውሃው በር ሄዱ።