ምኒልክ፣ ፎኖግራፍና መተማ

ዘንድሮ የቀዳነው ድምፅ ደረቅ ከሆነብን ስልካችን ላይ የቲዩብ ኢፌክት ጨምረን ሞቅ እናደርገዋለን። አፄ ምኒልክ ግን እንዲህ ያለ ነገር አላገኙም።

በ1844 እ.ኤ.አ. ተወለዱ፤ በልጅነታቸው መቅደላ ታስረው፣ አምልጠው ሸዋ ላይ ነገሡ። አዲስ ማሽን ሲያዩ አያስችላቸውም ነበር። በ1899 ለንግሥት ቪክቶሪያ መልዕክት ሲያስቀዱ ድምፅ ማጉያ ቲዩብ ገና አልተፈጠረም። በመለከቱ ይናገራሉ፣ ድምፃቸው መርፌውን ያንቀጠቅጣል፣ መርፌው ሰሙን ይፍቃል፤ በቃ! እቴጌ ጣይቱም ተናግረዋል።

ከመልዕክቱ ውስጥ ከበዱን ነገር መተማ ነች። አፄ ዮሐንስ በ1889 የወደቁባት ከተማ ስለሆነች፣ ለኢትዮጵያ እንድትሆን ንግሥቲቱ እንዲያግዟቸው ጠየቁ። ቅጂው ዛሬም አለ፤ ይንሿሿል፣ እኔ ግን ማንም ባያሞቀው እመርጣለሁ። በ1902ቱ የድንበር ስምምነት መተማ እኛ ጋ ቀረች፤ ማዶዋ ገላባት ሱዳን ሆነች። ምኒልክ በ1913 አረፉ።