አገራችንን በማዕዘን የለካው ሙሴ አንቷን ዳባዲ

የቀጤ ማዕዘን ጎነ ሦስት ትምህርት ሲጀመር፣ ይህ ነገር ለምን ይጠቅማል ብሎ ያልጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም። ሳይን፣ ኮሳይንና ታንጀንት የሚባሉት በሠሌዳ ላይ ብቻ የሚኖሩ ይመስለን ነበር። በኋላ ግን ጉናን ጨምሮ የአገራችንን ተራሮች በዚሁ ትምህርት የለካ ሰው መኖሩን ስናነብ አሳባችን ተለወጠ፤ ስለዚህ ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት የእርሱን ታሪክ መረጥን። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሙሴ አንቷን ዳባዲ በ1810 በደብሊን ከተማ ከባስክ ወገን ፈረንሳዊ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት ተወለደ። በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ደርሶ ወደ ጎንደር ወጣ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ሲሆን ደብረ ታቦር የራስ አሊ መቀመጫ ነበረች።

በአውሮፓ አገር የሚለካ ሰው አስቀድሞ በሜዳ ላይ አንድ ረጅም መስመር በሰንሰለት ወይም በዘንግ ለክቶ፣ ከዚያ በኋላ ማዕዘን ይወስዳል። በእኛ ደጋና ገደል፣ ያውም በጦርነት ጊዜ፣ ይህ የሚሆን አልነበረም። ዳባዲ ሌላ መላ አገኘ። ፀሐይንና ከዋክብትን እያየ የሁለት ቦታዎችን ኬክሮስ ያወጣል፤ ልዩነቱም ከሰሜን ወደ ደቡብ ያለውን ርዝመት ይሰጠዋል። ቀጥሎ በቲዎዶላይት አንዱ ቦታ ከሌላው በየትኛው አቅጣጫ እንዳለ ይለካል። አንድ ጎንና አንድ ማዕዘን ተገኙ ማለት ነው፤ የቀረውን ኮሳይን ይሠራዋል። ለምሳሌ አንድ ተራራ ከእኛ በኬክሮስ 8 ደቂቃ ወደ ደቡብ ቢርቅ፣ ይህ 14.7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አቅጣጫው ከደቡብ ወደ ምሥራቅ 60 ዲግሪ ቢሆን፣ የ60 ዲግሪ ኮሳይን ግማሽ ስለሆነ፣ ተራራው 29.4 ኪሎ ሜትር ይርቃል። አንድ ሰንሰለት እንኳ አልተዘረጋም!

ቁመቱ ደግሞ በታንጀንት ይገኛል። ደብረ ታቦር በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። ርቀቱን 28 ኪሎ ሜትር ያህል ብለን ስናሰላው ጫፉ ከአግድም መስመር ከፍ የሚለው 3 ዲግሪ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘነው። እንዲህ ያለ ግዙፍ ተራራ በማዕዘን ይህን ያህል ማነሱ አስገርሞናል። የዲግሪ አንድ አሥረኛ ብንሳሳት ቁመቱ 50 ሜትር ያህል ይዛባል፤ የምድርን ክብነት ብንረሳም እንደዚሁ ነው። ዳባዲ እስከ 1848 ድረስ ከተራራ ተራራ እየወጣ ይህን ሥራ ደጋግሞ ሠራ።

ሥራው ግን ያለ ክርክር አልቀረም። በ1843 ወደ ከፋ መሄዱን ቻርልስ ቤክ የሚባል እንግሊዛዊ ተጓዥ አላመነም፤ በ1850 መጽሐፍ አሳትሞ ሐሰት ነው አለ፤ ከፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ያገኘውንም ሜዳልያ መለሰ። የዳባዲ ትልቁ መልስ ቁጥሮቹ ነበሩ። ሮዶልፍ ራዶ የሚባል የሒሳብ ሰው ረድቶት፣ የኢትዮጵያን የልክ ሥራ ከ1860 እስከ 1873 አሳተመ፤ የሚጠራጠር ሰው ራሱ እንዲያሰላው ማለት ነው።

ያም ሆኖ ስሕተቱን መደበቅ አይገባንም። በ1846 ከወንድሙ ጋር በጊቤ አገር የነጭ ዓባይን ምንጭ አገኘን ብለው ነበር። የጊቤ ውሃ ግን በኦሞ በኩል ወደ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል እንጂ ወደ ዓባይ አይደርስም። ተራራ ከሩቅ በማዕዘን ይለካል፤ ወንዝ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ግን እስከ መጨረሻው መከተል ያስፈልግ ነበር።

በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ በ1892 የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1897 በፓሪስ ሲሞት፣ ከኢትዮጵያ የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍት በዚያው በፓሪስ ቀሩ። በአንዳይ የሠራው ቤተ መንግሥት መሳይ ቤትም ለአካዳሚው ተላለፈ። በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ የእኛ ፊደል ተጽፎበታል።