በቀሚሷ የሸፈነችውን በሥዕሏ ያሳየች ሴት

በዚህ እትም የምናነሣት ሴት ሜክሲኮዊቷ ሠዓሊ ፍሪዳ ካህሎ ናት። ብዙዎቻችን መልኳን እናውቀዋለን፤ የተጋጠሙት ቅንድቦቿ፣ አበባ የተሰካበት ጸጉሯና ደማቅ ረጅም ቀሚሷ በየቦርሳውና በየሸሚዙ ላይ ታትመው ይታያሉ። ቀሚሱ ስለምን ረጅም እንደነበረ የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን።

ፍሪዳ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1907 በሜክሲኮ ከተማ ዳርቻ ኮዮአካን ተወለደች። በ6 ዓመቷ የልጅነት ልምሻ ያዛትና ለወራት ተኛች፤ ስትነሣ ቀኝ እግሯ ቀጥኖ ቀረ። ልጆች ይሳለቁባት ነበርና በቀጭኑ እግር ላይ ካልሲ መደራረብ ጀመረች። መደበቅን የተማረችው እንዲህ ነው።

በ1925 የተሳፈረችበት አውቶቡስ ከከተማ ባቡር ጋር ተጋጨ። የብረት መያዣ ዳሌዋን ወጋት፤ አከርካሪዋና ቀኝ እግሯ በብዙ ቦታ ተሰበሩ። ገና 18 ዓመቷ ነበር፤ ሐኪም የመሆን ሐሳቧም በዚያው ቀረ። እናቷ ተኝታ የምትስልበት የሸራ ማቆሚያ አሠሩላት፤ ከአልጋዋ በላይም መስተዋት ተሰቀለ። ቀኑን ሙሉ የምታየው የራሷን ፊት ነበርና እሱኑ መሳል ጀመረች።

በ1929 ስመ ጥሩን ሠዓሊ ዲዬጎ ሪቬራን አገባች። የቴዋንቴፔክ ሴቶችን ረጅም ቀሚስ መልበስም ልማዷ ሆነ። ልብሱ የአገሯ ኩራት ነበር፤ እግሯንም ይሸፍንላታል። በ1932 አሜሪካ፣ ዲትሮይት ሳለች ፅንስ ጨነገፈባት። ሴቶች በጓዳ አልቅሰው የሚተዉትን ይህን ኀዘን በሆስፒታል አልጋ ላይ ደም እንደፈሰሳት ሆና ሣለችው። በ1944 «የተሰበረው ዓምድ» በተባለው ሥዕሏ ደግሞ ገላዋ ለሁለት ተከፍሎ፣ በአከርካሪዋ ቦታ የተሰባበረ ዓምድ ቆሞ፣ ሰውነቷ በሚስማር ተወግቶ ይታያል። እንባዋ ይወርዳል፤ ዓይኗ ግን ከእኛ ላይ አይነሣም።

ልብ እንበል፤ ፍሪዳ ሁሉን ነገር ለሁሉም ሰው አልገለጠችም። ቀሚሷን እስከ መጨረሻው ለብሳለች፤ የልደት ዓመቷን እንኳ 1910 እያለች ትናገር ነበር። የሚሸፈነውንና የሚታየውን የመረጠችው ግን ራሷ ናት።

በ1953 በአገሯ የመጀመሪያው የግል ዐውደ ርእይዋ ሲከፈት ከአልጋ መነሣት አትችልም ነበር። አልጋዋ ወደ አዳራሹ ተወሰደ፤ እሷም በአምቡላንስ መጥታ ተኝታ እንግዶቿን ተቀበለች። በዚያው ዓመት ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ። ለሰው ሠራሹ እግር ያሠራችው ጫማ ቀይ፣ በጥልፍ ያጌጠ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ በካልሲና በቀሚስ የሸሸገችው እግር በመጨረሻ ከሩቅ የሚታይ ሆነ። በሐምሌ 1954፣ በ47 ዓመቷ ዐረፈች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። በማኅበራችንም ፅንስ የጨነገፈባት፣ ዕዳ የበዛባት፣ ሕመሟን ከቤተሰቧ የደበቀች እህት ልትኖር ትችላለች። ያልተነገረንን ችግር በቁጠባችንም ሆነ በጉልበታችን ልንደርስለት አንችልም። ነገር ግን ተናገሪ ብሎ መምከር ብቻ አይበቃም። ፍሪዳን ካልሲ ያስደረበው የልጆች ሳቅ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የእኛ የሰሚዎቹ ነው። በየወሩ ስንሰበሰብ አንዲት እህት ጓዳዋን ብትከፍትልን አንሳቅ፣ አንጠቋቆም፣ የሰማነውንም ከደጃፍ አናውጣ። የቱን እንደምታሳየን የምትመርጠው እሷ ናት፤ በምን ዓይን እንደምናይ የምንመርጠው ግን እኛ ነን።