ተረትን ያልናቁት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ

የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ስም ሲነሣ ብዙዎቻችን በመጀመሪያ የምናስታውሰው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው ድምፁ ከጆሮው አይጠፋም። ነገር ግን እኒህ ደራሲ ከዚያ መጽሐፍ አሥር ዓመት ቀደም ብለው፣ በ1948 ዓ.ም.፣ «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለ የልጆች መጽሐፍ አሳትመው ነበር። ዛሬ ሕይወታቸውን በዚህ መጽሐፍ በኩል እንመልከት።

ሐዲስ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወለዱ። በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክህነት ትምህርት ቀሰሙ። ዲማ በቅኔ ትምህርት ስሟ የገነነ ደብር ናት። የቆሎ ተማሪ ኑሮ ምን እንደሚመስል የጎጃም ሰው በደንብ ያውቀዋል። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ ከየደጁ ቁራሽ ይለምናል። ከዚያም በመምህሩ ዙሪያ ተቀምጦ የሰማውን በልቡ ይይዛል። መጽሐፍ ብርቅ በነበረበት በዚያ ዘመን እውቀት የሚተላለፈው በአብዛኛው ከአፍ ወደ ጆሮ ነበር። ዲማ ጊዮርጊስም ከደራሲው ልብ አልወጣችም፤ በኋላ በጻፉት ልብ ወለድ ውስጥ ስሟን እናገኛለን።

ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ መጥተው በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤትና በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ዘመናዊ ትምህርት ተከታተሉ። ጥቂት ቆይቶ ግን የፋሺስት ጣሊያን ወረራ መጣ። ሐዲስ ከራስ እምሩ ጦር ጋር ዘመቱ፤ በ1929 ዓ.ም. ተማርከው ወደ ጣሊያን አገር ተጋዙ። የወጣትነታቸውን ሰባት ዓመት ያህል በግዞት አሳለፉ። ያንን ዘመን በስተርጅና «ትዝታ» በተሰኘው መጽሐፋቸው አስቀምጠውልናል።

ከነጻነት በኋላ በኢየሩሳሌም፣ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገራቸውን ወክለው ሠሩ፤ ሚኒስትርም ሆኑ። እንግዲህ ልብ በሉ! ጦርነትና ግዞት ያዩ፣ በዓለም መድረክ የተቀመጡ ሰው ናቸው። ለአንባቢ ካቀረቧቸው ቀደምት መጻሕፍት አንዱ ግን ስለ ጦር ሜዳ ወይም ስለ ዲፕሎማሲ አልነበረም። ብዕራቸውን ያነሡት ለልጆች ተረት ነበር።

የመጽሐፉን ስም ያደገበት ሁሉ ያውቀዋል። ማታ እሳት ዳር አያት «ተረት ተረት» ስትል ልጆቹ በአንድ ድምፅ «የመሠረት» ብለው ይመልሳሉ። ያ መልስ ልጆቹ ነቅተው ለመስማት መዘጋጀታቸውን የሚያሳውቁበት ነው። በተረቱ ውስጥ ጦጣና ጅብ፣ አንበሳና ጥንቸል እንደ ሰው ይነጋገራሉ። ልጁ እየሳቀ ስስት እንዴት እንደሚያዋርድ፣ ጉልበተኛ ፍርድ ሲያጣምም ደካማው ምን እንደሚደርስበት ይማራል። ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ባይኖረውም በቃል የተሳለው አይጠፋውም። ይህ ሀብት በጽሑፍ ባይሰፍር ኖሮ ከአዛውንቶቹ ጋር አብሮ ባለቀ ነበር። በጆሮ ያደጉት የዲማ ተማሪ ከአፍ የተቀበሉትን በወረቀት አድርገው ለማያውቋቸው ልጆች አወረሱ።

ምናልባት ከመካከላችን «አማኝ ለልጁ ተረት ማውራት ይገባዋልን?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል። ሐዋርያው ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ከተረት እንዲርቅ መምከሩ እውነት ነው። ያ ምክር ግን ሐሰትን እንደ እውነት አድርጎ ስለሚያስተምር ነገር የተሰጠ ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 9 ኢዮአታም የሴኬምን ሰዎች የገሠጸው ንጉሥ ሊያነግሡ ስለ ሄዱ ዛፎች በመናገር ነበር። ናታንም ዳዊትን ወደ ንስሐ ያመጣው ስለ አንዲት የድሀ በግ ነግሮት ነው። ተረት ተረት መሆኑ ታውቆ ሲነገር ልብን ይከፍታል፤ ግልጽ ተግሣጽ የማይገባበትን በር ያልፋል።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ በኅዳር 1996 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የባህል ጥናት ተቋም በስማቸው ተሰይሟል። ስማቸው በተቋም ላይ መጻፉ መልካም ነው። ሆኖም ተረት በመደርደሪያ ላይ አይኖርም፤ የሚኖረው የሚናገር አፍና የሚሰማ ልጅ ሲገናኙ ነው።

ታዲያ ዛሬ ማታ በቤታችን ለልጆቻችን የሚያወራላቸው ማን ነው? ብዙዎቻችን ለሥራ፣ ለስብሰባና ለአገልግሎት እንሮጣለን፤ ልጆቹን ደግሞ ለስልክና ለቴሌቪዥን አደራ እንሰጣለን። በየአጥቢያችንም የልጆች ክፍል ብዙ ጊዜ ሌላ ሥራ ላጣ ሰው የሚተው ነው። አምባሳደሩ ለልጆች መጻፍን እንደ ውርደት አልቆጠሩትም። እኛስ ሩብ ሰዓት ስንሰጣቸው ምን ይጎድልብናል? ስልኩን አስቀምጡ፤ አያት በሕይወት ካሉ ወንበሩን ለእርሳቸው ልቀቁ፤ ከሌሉም ከእርሳቸው የሰማችሁትን እናንተ ጀምሩ። ልጆቹ መልሱን ካላወቁት ደግሞ «የመሠረት» ማለትን አስተምሯቸው።